መድኃኒት አይርጩ

አማቷን፣ የባሏን አባት፣ ማዘዝ ለሚያውቅበት ቀላል ነው፤ የሚፈልገውን ገልብጦ መናገር ብቻ ነው። «ዘንድሮ ዘግይተን ብንዘራስ?» ካለቻቸው በማግስቱ ማሳ ላይ ናቸው። «ይህ መጋዘን መጠገን አያስፈልገውም» ካለች መዶሻ ያነሳሉ። ከምራታቸው አፍ የወጣ ምክር ሁሉ መርዝ ይመስላቸዋል። እሷም የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናትና፣ ያንን ማሳ ስትንከባከብ የኖረችው በዚሁ ዘዴ ነው። ባሏ ጉዳዩን ያውቃል፤ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ ትራስ አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል።

የዘንድሮው አኩሪ አተር ግን ቀልድ አልነበረም። ማሳው ለዘር ተመዝግቧል። ተቆጣጣሪው ንጹሕ ነው ብሎ ካሳለፈው ምርቱን የዘር ድርጅቱ ይገዛዋል፤ አማቷም አፋቸውን ሞልተው፣ በዘመድ ፊት፣ «ሽያጩ የልጄ ነው፣ ቤት ይሥራበት» ብለዋል። ቤት ማለት ለእሷ የራስ ጓዳ፣ የራስ ቁልፍ፣ «ያንን ድስት ማን አነሳው?» የሚል ድምፅ የማይሰማበት ግድግዳ ነው።

አንድ ጠዋት ከማሳው ጥግ የጥቂት ተክሎች ቅጠል ተሸብሽቦ፣ አረንጓዴው ከፈዛዛው ጋር ተዥጎርጉሮ አገኘችው። ከዘሩ ጋር አብሮ የመጣ ቫይረስ ነበር። ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ክሽክሽ ሰፍራለች፤ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ጭማቂ መጣጭ ተባይ። ክሽክሽ የታመመውን ወጋ አድርጋ ጤነኛው ላይ ካረፈች በቃ፣ በሽታውን አጋባች ማለት ነው። መድኃኒት ሲረጭባት ደግሞ ከመሞቷ በፊት ትበረግግና ከተክል ተክል እየዞረች ሁሉንም ትቀምሳለች። የሚያዋጣው የታመሙትን ነቅሎ፣ ከረጢት ውስጥ አፍኖ፣ አውጥቶ መቅበር ነው።

ምን እንደምትል ታውቃለች። «አባባ፣ እንዳይነቅሏቸው፤ ዝም ብለው መድኃኒት ይርጩባቸው» ትላለች፤ እሳቸው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነቅለው ይጨርሳሉ።

ይህን አዘጋጅታ ስትደርስ አማቷ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ቆመው ነበር።

«መጣች ክሽክሻችን» አሉ። «ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ቤታችን ገብታ ልጄን መጥጣ ጨረሰችው። የእሷን መድኃኒት የሚነግረኝ ሰው ጠፋ እንጂ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አንደኛው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን እንኳ አላዞረም። ደሟ ፈላ። ያን ሁሉ ዘመን የዋጠችው ስድብ ባንድ ጊዜ ታወሳት። ጠላቻቸው፤ ከነጫማቸው፣ ከነሳላቸው ጠላቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን አለስልሳ፣ ሁሉም እየሰሙ፣ እውነቱን ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ጥጉ ላይ የታመሙ አሉ። ዛሬውኑ ያስነቅሉና ይቅበሯቸው። መድኃኒት ግን አይርጩ። ከረጩ ማሳው በሙሉ ያልቃል።»

«አይርጩ?» አሉ አማቷ። መርጫውን አስመጥተው በጀርባቸው አዘሉት።

ቆማ አየቻቸው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማን ምን ይላታል? ምስክር ሞልቷታል። በሳምንቱ ደገሙ፣ ቆይተው ሠለሱ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሳቸውን መርጫ አሸከማቸው። አንድ ጊዜ «በርቱ፣ ይርጩ» ብትላቸው ኖሮ መርጫውን ወርውረው መንቀል ይጀምሩ ነበር። ታውቃለች፤ አላለችም።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ ያልተሸበሸበ ቅጠል ፈልጎ አጣ። «ይህ ለዘር አይሆንም» አለ። «ለዘይት የሚወስደው ካገኛችሁ ሞክሩ፤ እሱም ፍሬ ከያዘ ነው።»

አማቷ ተቆጣጣሪው ሲሄድ እያዩ መሬት ላይ ተቀመጡ። እርግማን ይወርዳል ብላ ጆሮዋን አዘጋጅታ ነበር።

«ነግራኛለች» አሉ ለሠራተኞቹ። «ልጄ ነግራኝ ነበር። አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ማሳ ላይ እሷ የምትለውን ስሙ።»

ልጄ ብለዋት አያውቁም። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ቤት ስትገባ ባሏ እጁን እየታጠበ ነበር። አፍንጫ ሲመቱት ዐይን ያለቅሳል እንደሚባለው ነው፤ ዐይኑ ቀልቷል።

«አባባ ሰው ፊት አመሰገኑኝ» አለችው።

«ሰማሁ።» ውሃውን ዘጋው። «መድኃኒት አይርጩ ያልሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። እውነቱን ነው የነገርኳቸው። ሁሉም ሰምቷል።»

«እዚህ ቤት ከገባሽ ጀምሮ አንድ ቀን እውነቱን ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?» አላት፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ይርጩ ብትያቸው ኖሮ ቤታችንን እንሠራ ነበር።»

ፎጣውን አንስታ ዘረጋችለት። እጁን በሱሪው ጠረገና ወጣ፤ ሄዶም ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ።