ሚስማርና እማማ የተጣሉበት መቃብር

እኛ ሱቅ ሰዓት የለም። ደንበኛ «ሰዓት ስንት ነው?» ሲለኝ በርጩማዬ ላይ ቁጭ እላለሁ። ቁጭ ስል ከመንገዱ ማዶ ያለው የፋርማሲው ትልቅ ሰዓት ከሸራ ጥላችን ሥር ይታየኛል፤ ከቆምኩ ሸራው ይጋርደዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ደክሟት ነው ብሎ ያዝንልኛል። ይዘንልኝ፤ ያዘነ ሰው ዋጋ አይከራከርም።

ሱቁ የአያቴ የእማማ ነው። ጫማ እንሰፋለን፣ ሶል እንቀይራለን፣ ታኮ እንመታለን። ሙያውን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ታናሽ ወንድሟም ከጎናችን፣ በስስ ጣውላ ተለይቶ፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሰፈሩ «ሚስማር» ይለዋል፤ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ አንዴ ከገባ ደግሞ በጉጠትም አይወጣም። እኔ ፊቱ ላይ «አባባ» ነው የምለው። ጥርሴን እወደዋለሁ።

ሁለቱ አይነጋገሩም። ያጣላቸው የእናታቸው መቃብር ነው። እናታቸው የሞተችው እነሱ ልጆች ሳሉ ነው፤ አባታቸው ድንጋይ የሚያስጠርብበት አቅም ስላልነበረው ያለ ምልክት ተቀበረች። የቤተክርስቲያኑ መዝገብ ደግሞ ጎርፍ በገባ ጊዜ ሊጥ ሆኖ ተጣለ። ስለዚህ እማማ አበባዋን አንድ ቦታ ታስቀምጣለች፣ ሚስማር ሌላ ቦታ።

«ያ ሰውዬ የማያውቃትን ሴትዮ ያለቅስላታል» ትላለች እማማ፣ በጣውላው እንዲያልፍ ጮክ ብላ።

«እሷስ? የሰው ሣር ታርማለች» ይላል ጣውላው።

የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው። እናታቸው በሞተች ሰሞን የአባታቸው የብረት እግር፣ ጫማ አልብሰን የምንቀጠቅጥበት ዓይነት፣ ከቤት ጠፋ። የሰረቀው ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ነው። በቃ፣ ተፈርዶበታል። ጋጋሪው ሞቶ ዛሬ ሱቁን የያዘው የልጅ ልጁ ነው፤ እኛ ግን እስካሁን ያንን የሚያሰክር የትኩስ ዳቦ ሽታ አፍንጫችንን ይዘን እናልፍና ዳገት ወጥተን፣ ጠረጴዛ ቢመቱበት የሚጮህ ዳቦ ገዝተን እንመለሳለን።

አንድ ቀን ቄሱ ሶላቸውን ሊያስለጥፉ መጡ። አንድ እግራቸውን በካልሲ አንጠልጥለው ተቀምጠው፣ በቀጣዩ ሳምንት አሮጌው የመቃብር ቦታ ለአዳራሽ ሊቆፈር መሆኑን ነገሩን። የታወቀ ሰው አፅም ለብቻው ወደ አዲሱ ቦታ ይሄዳል፣ ያልታወቀው በአንድ ጉድጓድ አብሮ ይገባል።

«እስከ ቅዳሜ መቃብሯን አሳዩኝ» አሉ። «ግን ተስማምታችሁ። ለአንዲት እናት ሁለት መቃብር አልቆፍርም።»

የእማማ መዶሻ አየር ላይ ቀረ። ከጣውላው በላይ የሚስማር ረጅም አንገት ብቅ አለ።

ማታ እራቷን ሳትነካ ገፋችው። «እናቴ ዓይነ አፋር ነበረች» አለችኝ። «እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ነበር የምትገባው። አሁን ከማን ጋር እንደሚደባልቋት እንጃ።» እማማ ስታለቅስ አላውቅም፤ ያን ማታም «ሽንኩርት ነው» አለች። ሽንኩርት አልነበረም።

ቅዳሜ ሄድን። እማማ ጉልበቷን ስለሚያማት በርጩማዋን እኔ ተሸክሜያለሁ። ሚስማርም መጥቷል፤ ከእኛ ራቅ ብሎ፣ መንገዱ ላይ በአጋጣሚ የተገኘ መስሎ።

እማማ በድንጋይ ቅስት ከተሠራው በር ጠጋ ብላ ቆመች። «እዚህ ነው፣ አባ። አፈር ሲያለብሷት ከበሩ ማዶ ያለውን የቤተክርስቲያኑን ደወል በቅስቱ ሥር እያየሁ ነበር። ከቅስቱ ጫፍ እንደ ጆሮ ጉትቻ የተንጠለጠለ መስሎ። ይኸው!»

ሚስማር ከወዲያ ጥግ ጮኸ፤ «እኔ ደግሞ ከግንቡ ጀርባ ባለው ቤት ጣሪያ ላይ ያለውን የብረት ዶሮ አይቻለሁ! ልክ ግንቡ ላይ የቆመ ነበር የሚመስለው። እንደዚያ የሚታየው ከዚህ ብቻ ነው!»

ቄሱ እዚያም ሄደው አዩ፣ እዚህም መጥተው አዩ። ሁለቱም እውነት። ራሳቸውን አከኩ።

እኔ ከእማማ ኋላ ቆሜያለሁ፤ ከቆምኩበት ደወል የሚባል ነገር አይታየኝም፣ ቅስቱ ጋርዶታል። ሰለቸኝና በርጩማውን መሬት ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ደወሉ ከቅስቱ ሥር ብቅ አለ!

«እማማ! ያኔ ቁመትሽ የት ድረስ ነበር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አባቴ ቀበቶ ጋ ነበርኩ።»

«አባባ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ ሰው እንዳይረግጠኝ አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ ነበር!»

ሳቄ አመለጠኝ። ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ሆነው ያዩትን በትልቅ ሰው ዓይን ሲፈልጉ ኖረዋል! እሷን በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት፤ ለእሱ የቤተክርስቲያኑ ዘበኛ መስኮት የሚቀባበትን ተጣጣፊ መሰላል አመጣ።

«ልጄ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ቄሱ።

«ሰዓት ልናይ ነው፣ አባ።»

እማማ ደወሉን እያየች በርጩማዋን ወደ ኋላ ትጎትታለች፤ «ገና ነው፣ ጉትቻው ወርዷል፣ ትንሽ ወደዚያ!» እያለች። ሚስማር ይወጣል፣ ዶሮውን ያያል፣ «ወደ ግንቡ!» ይላል፣ ይወርዳል፤ ዘበኛውና ቄሱ መሰላሉን ያስጠጋሉ፣ እሱ ደግሞ ይወጣል። ቄሱ ላብ በላብ ሆኑ። ሁለቱም ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን የሚያይ የለም፤ እንዲህ እንዲህ ሲሉ በርጩማው ከመሰላሉ እግር ጋር ተላተመ።

«እትዬ፣ ልትጥይኝ ነው እንዴ!»

«አንተ ነህ እንጂ እላዬ ላይ የወጣኸው!»

 እሷ ቀና ብላ ደወሉን አየች፣ እሱ ዶሮውን፤ ሁለቱም ልክ እንደ ያኔው በየቦታቸው ነበሩ። ቀስ ብሎ ወረደና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የእኔ እጅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ወስፌዬን ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ አፈሩን ወጋ ወጋ አደረግሁ። ቀጭ! ዘበኛው በአካፋ ገለጥ ሲያደርገው ዝገት የበላው፣ ሶሉን ወደ ሰማይ ያዞረ የብረት እግር ወጣ። ትንሿ ጣት ጋ ተሸርፏል።

«የአባዬ ብረት!» አለች እማማ። «እኔ ነኝ ደረጃ ላይ ጥዬ የሸረፍኩት!»

አባታቸው ድንጋይ ቢያጣ የእጁን ዕቃ ተክሎላታል። ለልጆቹ ግን የሥራ መሣሪያውን ቀበረ እንዳይሉት ይሆናል፣ ጠፋ ብቻ ነበር ያላቸው።

«ቆይ... ጠፋ እንጂ ተሰረቀ አላለም» አለ ሚስማር።

«ጋጋሪው ነው ያልከው አንተ ነህ!»

«አንቺ ነሽ እንጂ! እኔ ገና በቅጡ አፌን አልፈታሁም ነበር!»

ቄሱ ጫማቸው ላይ የተለጠፈውን አዲስ ሶል ትኩር ብለው ማየት ጀመሩ፤ ሳቅ ሲመጣባቸው እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

አዲሱ ቦታ ላይ ብረቱን በሲሚንቶ አቆምነው። እናታቸው ለብቻዋ፣ ከማንም ሳትደባለቅ ተኛች። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ እኔን መሃል አድርገው ዳቦ ቤት ገቡ። እማማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ልጄ፣ ይቅርታ ልንጠይቅህ መጥተናል። አያትህን ሌባ ስንል ኖረናል።»

ወጣቱ ጋጋሪ ዱቄት በነካ እጁ ጭንቅላቱን አከከና፣ «ይገርማል! አያቴ ደግሞ እስኪሞት ድረስ 'ዳቦዬ ምን ጎድሎት ነው የሚሸሹኝ?' እያለ እርሾ ሲቀያይር ነው የኖረው» አለ።

እማማና ሚስማር ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዚያው ባንኮኒው ላይ እንደገና ጀመሩት። እኔ ሁለተኛውን ዳቦ አጋምሼ ነበር።