አሥራ ሦስተኛዋ ቁጥር

ኦቦ ሂርጳ ድንች ከመትከላቸው በፊት በየዓመቱ የካቲት ላይ የሚያማክሩት ላቀውን ነበር። ላቀው ፉሪ ቤት ከሠራበት ዓመት ጀምሮ ግቢው ውስጥ እንጨት ላይ ያሰረውን መለኪያ በየማለዳው እያየ የዝናቡን መጠን በደብተር ይጽፍ ነበር። አምና እሱ ስላልነበረ ሽማግሌው በግምት መጋቢት ላይ ተከሉ፤ ዝናቡ ዘገየና ዘሩ አፈር ውስጥ ደርቆ ቀረ። ዘንድሮ ከቤታቸው ጀርባ ለቀረችው መሬት የተረፋቸው አንድ ጆንያ ዘር ብቻ ነው።

"ጸሐይ፣ ደብተሩ አለ አይደል?" አሏት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው። "መጋቢት ልትከል ወይስ ሚያዝያን ልጠብቅ?"

"እሑድ ብቅ ይበሉ፣ እነግርዎታለሁ" አለች ጸሐይወርቅ። ካለች በኋላ ደነገጠች። ባሏ ላቀው ካረፈ ወዲህ ደብተሩን ገልጣው አታውቅም።

ልጇ ምስጢር ፕሮግራም መጻፍ እየተማረች ነው። "እኔ ልሥራልሽ?" ብትላት፣ "አሳዪኝና እኔው እሠራዋለሁ" አለቻት።

ከሥራ መልስ እየተቀመጠች ቁጥሩን ላፕቶፑ ላይ ገለበጠች። ዓመታቱ በረድፍ፣ ወራቱ በዓምድ፤ አሥራ ሦስት ዓመት በአሥራ ሦስት ወር። የመጨረሻው ረድፍ ኅዳር ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሳጥኖች ፈጠን ብላ ዜሮ ሞልታ አለፈች።

የፈለገችው የየወሩን ዝናብ ነውና፣ ምስጢር ባሳየቻት ትእዛዝ ውስጥ ወራቱ የተደረደሩበትን አቅጣጫ ጠርታ ፕሮግራሙን ደምር አለችው። አሥራ ሦስት ቁጥር ወጣ። ሰባተኛው ከስምንተኛው በለጠ፤ መጋቢት ከሚያዝያ ማለት ነው። የመጨረሻዋ ከሁሉም አነሰች። ጳጉሜን አምስት ቀን አይደለች? ልክ መጣልኝ ብላ ደስ አላት።

እሑድ ኦቦ ሂርጳ መጡ።

"መጋቢት ይትከሉ" አለቻቸው።

"እንደገና መጋቢት?" ፊታቸው ጠቆረ። "እስቲ ጥር ስንት ይላል?"

"አንድ ሺህ ሃያ።"

"ሐምሌስ?"

"ዘጠኝ መቶ ሰማንያ።"

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። "ጥር ከሐምሌ በለጠ በይኛ! ያ ሁሉ ሲዘንብ እኔ የት ነበርኩ? ጤፍ ስወቃ ጠብታ እንኳ አልነካኝ! ልጄ፣ ይሄ ማሽን ፉሪን አያውቃትም።"

ምስጢር አጎንብሳ አየች። "እማ፣ ወራቱን እኮ ነው የጠራሽው።"

"እና? የፈለግሁት ወራቱን አይደል?"

"የጠራሽው አቅጣጫ ተደምሮ ይጠፋል። የሚቀረው ያልጠራሽው ነው። ወራቱን አንድ ላይ ደምረሽ ዓመታቱን አስቀርተሻል። ሁለቱም አሥራ ሦስት ስለሆኑ ደግሞ ስሕተቱ አላስታወቀም።"

ጸሐይወርቅ ወደ መጨረሻዋ ቁጥር ተመለሰች። ጳጉሜን አልነበረችም። የላቀው የመጨረሻ ዓመት ነበረች፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር።

"ከኅዳር ወዲያ ዜሮ ነው የሞላሁት" አለች።

"ዜሮ አልዘነበም ማለት ነው፣ እማዬ" አለች ምስጢር ቀስ ብላ።

"ዘንቧል እንጂ። የሚለካው ነው ያልነበረው።"

ዜሮዎቹን አንድ በአንድ አጠፋችና ሳጥኖቹን ባዶ አድርጋ ተወቻቸው። ባዶውን ሳይቆጥር የቀረውን አማካይ እንዲያወጣላት፣ አሁን ዓመታቱን ጠራች። ጥር ወደ ጥርነቱ፣ ሐምሌ ወደ ሐምሌነቱ ተመለሱ። መጋቢት ሃምሳ ሁለት ሚሊሜትር፤ ሚያዝያ ሰማንያ ዘጠኝ።

"ሚያዝያን ይጠብቁ፣ ኦቦ ሂርጳ።"

"አሁን የላቀውን ድምፅ ሰማሁ" አሉ ሽማግሌው፣ ከተቀመጡበት እየተነሡ። "ዘሬን አተረፍሽልኝ። ለከርሞም አንቺኑ ነው የምጠይቀው፣ እወቂው።"

ልትሸኛቸው ወጣች። መለኪያው በዚያ በኅዳር ውኃ እንዳይይዝ እሷው እንደደፋችው እንጨቱ ላይ ነበር። አቃናችው፤ የሸረሪቱን ድርም በጣቷ አወጣች።

ምስጢር በመስኮቱ አየቻት። "አሥራ አራተኛ ረድፍ ልጨምር?"

"ጨምሪ።"

"ጎሽ! ከእንግዲህ አቅጣጫ ብትስቺ በቁጥሩ ብዛት ይታወቅብሻል።" ደብተሩን ገለጠች። "የዛሬውን ስንት ብዬ ልጻፍ?"

ጸሐይወርቅ ቀና ብላ አየች። ደመና የሚባል የለም።

"ዜሮ" አለች። "የዛሬው ዜሮ ነው።"