የቀለም ሐኪሙ ፍርድ

"እስቲ ጣትህን አሳርፍበትና እውነቱን ንገረኝ" አሉ እትዬ፣ እጅጌውን ይዘው እየጎተቱት። "የብስክሌት ነው አይደለም?"

ጎረቤቶቹ የቀለም ሐኪም የሚሉት ሰው የራሱን መኪና ሰም መቀባቱን አቋርጦ፣ ስፖንጁን እንደያዘ፣ በእትዬ ነጭ መኪና የኋላ ፓራፋንጎ ፊት ተንበረከከ። ጭረቱ ክንድ ይሞላል፤ ቀላ ያለውን እትዬ የብስክሌት ዝገት ብለውታል። የግቢው ዘበኛ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል፤ ፍርድ እየጠበቀም ነበር። እትዬ ጡረታ የወጡ አስተማሪና የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በመኪናቸው አጠገብ ብስክሌት እየገፋ የሚያልፈው እሱ ብቻ ነውና፣ ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ከበሩ ዳር ካለችው ክፍሉ ዛሬውኑ ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል ብለዋል።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልነካሁትም" አለ ዘበኛው።

"አንተን ማን ጠየቀህ? የሚያውቀው ይናገር።"

የሚያውቀውስ ሐኪሙ ነው። ስለ መኪና ቀለም ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና ጡት አልጣለም። እሁድ እሁድ መኪናውን ሲያጥብ ጎረቤቱ ከየሰገነቱ እንደ ቲያትር ያየዋል። በሁለት ባልዲ ያጥባል፤ አንዱ ለሻምፖው፣ አንዱ ስፖንጁ አሸዋውን ለሚተፋበት። ፖሊሽ ጥላ ስር እንጂ ፀሐይ ላይ አይነካም። ሰሙን ወልውሎ ሲጨርስ ዝንብ ብታርፍበት ተንሸራትታ ወገቧ ይሰበራል። ጎረቤቶቹ ጺማቸውን ሲላጩ ከመስታወታቸው ይልቅ የእሱን ኮፈን ይመርጣሉ፤ ቢያንስ እሱ እንዲህ ይላል። "በሃያ ዓመት አንዲት ጭረት!" ብሎ ትንሿን ጣቱን ያሳያል። "እሷም የድመት ናት።"

ያ ሁሉ ዝና ዓርብ ከምሳ በኋላ አፈር በላ። ወደ ኋላ እየነዳ ከኋላው ማየት ሲገባው፣ ኮፈኑ ላይ በሚንሳፈፈው የደመና ምስል ዓይኑ ፈዘዘ፤ የቀይ መኪናው የኋላ ማዕዘን የእትዬን መኪና ፋቀው። ግቢው ጭር ብሎ ነበር። ወርዶ አየ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከራሱ መኪና ላይ የተለጠፈውን ነጭ ቀለም በፖሊሽ ጠርጎ ጨረሰ። መንገሩን አልጀመረውም።

"አፍህን ምን ዘጋው? ተናገር እንጂ" አሉ እትዬ።

"አላውቅም" ቢል ይበቃው ነበር። ያቺን ቃል ግን አፍ ከፈታ ጀምሮ ተናግሯት አያውቅም።

"ከፍታው..." አለ። "ከፍታው የብስክሌት መሪ ይሆናል። አፋፋቁም... ሊሆን ይችላል። ግን እትዬ፣ ይቺ ምን አላት? እኔ ከምሳ በፊት ድራሿን አጠፋታለሁ። እንኳን ይቺ፣ የነብር ዥንጉርጉርም በእኔ ፖሊሽ ይለቃል።"

"ተባረክ። እንዳንተ ያለውን ጎረቤት ያብዛልን። ጭረቱስ ይጥፋ፤ እኔን ያቃጠለኝ ውሸቱ ነው። ነካሁ ቢለኝ ይቅር ባልኩት ነበር። የዋሸኝ ሰው በሬን አይጠብቅልኝም።"

ምርቃቱ እንደ ፈላ ውሃ ጀርባው ላይ ወረደ። እትዬ ደረጃውን ወጡ።

ጭረቱን አጠበ፣ አደረቀ፣ ፖሊሹን በጨርቅ ጫፍ ነክቶ በትንንሽ ክብ ያሸው ጀመር። ጨርቁ ቀላ። ዝገት እንዲህ አይቀላም፤ የገዛ መኪናው ቀለም ነው። ወደ ውስጥ አጠፈው። ሌላው ገጽም ቀላ። እሱንም አጠፈው። ለመሆኑ ጨርቅ ስንት ገጽ አለው?

"ጋሼ፣ ውሃ ልጨምርልዎ?" ዘበኛው ባልዲ ይዞ ከኋላው ቆሟል።

"ይበቃል። ሂድ አረፍ በል።"

አልሄደም። "የመሪውን ጫፍ ደጋግሜ አየሁት። ነጭ ቀለም የሚባል የለበትም።"

"እና?"

"እና እርስዎ ካሉ... እርስዎ ከየት ይሳሳታሉ? እንቅልፍ ተጫጭኖኝ ነክቼው ይሆናል። ሲነጋጋ እግሬም የራሴ አይመስለኝም።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው ስትል አልነበር?"

"እሱማ የእርስዎን ቃል ሳልሰማ ነው።" ዘበኛው ባልዲውን አስቀመጠ። "ሄጄ ነክቻለሁ ልበላቸው። ላመነ ይቅር እላለሁ ብለዋል። ባይሉም፣ ውሸታም ተብዬ ከምወጣ ጥፋተኛ ተብዬ ብወጣ ይሻለኛል።"

ሐኪሙ እጁ ጨርቁ ላይ ደረቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሚያምነው ከወሬው ግማሹን ቀንሶ ነበር፤ ሚስቱማ ሩቡንም አታምነው። ሙሉውን የተቀበለው የመጀመሪያ ሰው ይኸው ዘበኛ ሆነ፤ ያውም የገዛ ዓይኑን ክዶ።

ዘበኛው ወደ ደረጃው ተራመደ።

"ቁም" አለው ሐኪሙ።

ከጭረቱ የቀረችው ስንዝር ብቻ ናት፤ አምስት ደቂቃ ቢያሻት ትጠፋለች። የፖሊሹን ክዳን ገጠመ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ገባና ቀስ እያለ ወደ ኋላ መጣ፤ የቀዩ መኪና ማዕዘን የቀረችውን ስንዝር ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ከፍታው ልክ ለልክ ነበር።

ዘበኛው ማዕዘኑን አየ፣ ጭረቱን አየ፣ ሐኪሙን አየ። ኮፍያውን ራሱ ላይ አደረገ።

"እትዬ" ብሎ ሐኪሙ ወደ ሰገነቱ ተጣራ፤ ድምፁ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለው። "አንድ ጊዜ ይውረዱ።"

"ጠፋልህ እንዴ?"

"አልጠፋም" አለ። "መነጽርዎን ይዘው ይውረዱ።"