የአይሪን ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ዕለት

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ስመለምል ኖሬያለሁ። ምልመላ ስላችሁ ለጦር ሜዳ እንዳይመስላችሁ፤ ኮሌጅ ነው የማስገባው። ጥቅምት በገባ ቁጥር መኪናዬን በወረቀት ሞልቼ ወደ ሰሜን ሚሺጋን እወጣለሁ። በየትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግቼ እቆምና እስክሪብቶ በነፃ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ በጨዋታ ይዤ አስቀረዋለሁ። ምላስ አለኝ። ቢሮ ውስጥ «ሎሬታ ለዓሣ ውሃ ትሸጣለች» እያሉ ይሳለቁብኛል፤ ይሳለቁ።

ድካሜን የሚያስረሳኝ ግንቦት ነው። ልጆቹ ጥቁር ጋዋን ለብሰው በሣሩ ላይ ሲያልፉ ዳር ቆሜ አያቸዋለሁ። ይሄኛው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ዓይኔን ማየት አፍሮ ከጫማው ጋር ነበር የሚያወራው። ያቺኛዋ «ኮሌጅ ለእኛ ቤት ሰው አይሆንም» ብላ ልታባርረኝ ነበር። እያንዳንዳቸውን በሆዴ እያወራኋቸው፣ እናታቸው የሆንኩ ይመስል ደረቴ ይነፋል። ማን ይከለክለኛል?

ባለፈው ግንቦት ግን የምገባበት ነው የጠፋኝ።

ከምረቃው አንድ ሳምንት ሲቀረው ዴላ ራንታ ቢሮዬ መጣች። እኛ ጋ ለእያንዳንዱ ተመራቂ ከፊት ረድፍ ሁለት የቤተሰብ ወንበር ይሰጠዋል፤ የተቀማጩ ስም ተጽፎ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል።

«አንዱ የአክስቴ የሂልያ ነው፣ ሁለተኛው የእማዬ ነበር» አለችኝ። «እርስዎ ይቀመጡበት።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ! እኔ ዳር ቆሜ ነው የማየው።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ዳር ቆመው አልደከመዎትም?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ሚስ ሎሬታ፣ እምቢ ካሉ ባዶ ነው የሚሆነው። ባዶውን ማየት አልችልም።»

እሺ አልኳት። ምን ልበላት? አራት ዓመት ሙሉ እንደ ልጄ ያየኋት ልጅ ናት። እሷ የማታውቀውን ለእናንተ ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱኝ።

ዴላን ለመውሰድ ቤታቸው የሄድኩ ጊዜ እናቷ አይሪን ሥጋና ድንች የተጠቀለለበት ትኩስ ፓስቲ አቀረበችልኝ። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነበር የምትሠራው። ከእናትና ልጅ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም።

«ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ነው» አለችኝ። «ብትታመም ማን አላት?»

«እኔ አለሁላት!»

«እኔስ ብታመም?»

ይሄኔ ነው አፌ ያመጣብኝ። «በየጉንፋኑ እየጠራሽ እንዳታስቸግሪያት፤ ትምህርቱን መሐል ላይ ትቶ ቤቱ የሄደ ልጅ አይመለስም፣ ስንቱን አይቻለሁ» አልኳት። ለወላጅ ሁሉ የምለው ነው፤ ውሸትም አይደለም። እኛ ሙያ ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ መሐል ላይ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከወጣው ግማሹ በዚያው ነው የሚቀረው። አይሪን ግን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዘችው።

ዴላ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች፣ ታኅሣሥ እንደገባ፣ አንድ ሰኞ በምሳ ሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«ሎሬታ፣ እንግዲህ እኔ አንድ ሐሙስ ነው የቀረኝ!» ብላ አይሪን ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለካ እውነቷን ነው።

«ካንሰር ጉበቴን ጨርሶታል አሉኝ» አለች። «ሐኪሙ ለገና ትደርሻለሽ ብሎኛል። የልጄ ፈተና መች ነው የሚያልቀው?»

«የሚመጣው ሳምንት ዓርብ።»

«በይ እስከዚያ እንዳትነግሪያት። መሐል ላይ የሄደ አይመለስም ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ቅዳሜ መጥታ ትደርስብኛለች። አደራ፣ ማይልኝ።»

«አንቺ ሴት፣ ያ ለጉንፋን ነው! ይሄ ሌላ ነው!» ማለት ነበረብኝ። ፈተና የሚያዛውር አንድ ቅጠል ወረቀት አለ፤ ዲኑ ይፈርምበታል፣ አለቀ። በእጄ ለስንቱ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። በዚያች ደቂቃም ትዝ ብሎኛል፤ ረሳሁት ብዬ አልዋሽም። ግን የበረዶ ወራት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ነው፣ መንገዱ ላይ ያለው ትልቁ ድልድይ በነፋስ ይዘጋል፣ እናቷ አልጋ ላይ ናት፤ ይህች ልጅ ከሄደች ቀረች አልኩ በሆዴ። ለእሷ ስል ነው እንዳልል ለራሴም ነበር። ዴላ እንዳትቀርብኝ ፈራሁ። «እሺ» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ አይሪን በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውልልኝ ጀመር። ለልጇ ግን መልእክት ብቻ ነበር የምትጽፍላት፤ ድምጿ እንዳያሳብቅባት ብላ። በስምንተኛው ቀን ዴላ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ያዘችኝ።

«ሚስ ሎሬታ፣ እማዬ ስልክ አታነሳልኝም። መልእክት ብቻ ነው የምትልክልኝ። ሰምተው ይሆን?»

«ጉንፋን ነው፣ ጉሮሮዋን ዘግቷት ነው» አልኳት። ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

«እፎይ!» አለች። እቅፍ አደረገችኝና ወደ ጥናቷ ተመለሰች።

የሐኪም ቀጠሮና የሞት ቀጠሮ መች ገጥሞ ያውቃል! አይሪን ሐሙስ ረፋድ ላይ ሞተች፤ የዴላ የመጨረሻ ፈተና ዓርብ ነበር። አክስቷ ሂልያ ደወለችልኝ፣ እኔም ዴላን ከቤተ መጻሕፍት አስወጥቼ ነገርኳት። መጀመሪያ አላለቀሰችም። «ጉንፋን ነው ብለውኝ ነበር» አለች፣ ግራ እንደገባው ሰው። «ተባብሶባት ይሆናል» አልኳት። በአንዱ ውሸት ላይ ሌላ ደረብኩበት። ሂልያም እህቷ አስምላት ስለነበር «በሁለት ቀን ነው የጣላት» አለቻት። ፈተናው እንደሆነ በዚያው ወረቀት ለጥር ተዛወረላት። አንድ ቅጠል ወረቀት!

እናቷን ቀብራ በጥር ተመለሰች። ያን ቀን በመስኮት ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመጣ ሳያት ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ኩራት። «ተመለሰችልኝ!» አልኩ። አፈር በበላሁ!

ልነግራት ያላሰብኩበት ወር የለም። ግን ያን ያህል ጊዜ ልጄ፣ ልጄ ስላት ከርሜ፣ ስትጠላኝ ማየት ሞት ሆነብኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የምረቃው ቀን ደረሰ።

ስሄድ ወንበሩ ላይ የተለጠፈው የእኔ ስም አልነበረም፤ «አይሪን ራንታ» ይላል። ዴላ ናት ያስጻፈችው። ሂልያ አጠገቡ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። እንደ እህቷ ሳቂታ አይደለችም፤ ነገር የማትደባብስ ሴት ናት።

«ተመቸሽ?» አለችኝ ገና ሳልደላደል።

የተለጠፈውን ስም ላለመደገፍ ወደ ፊት ፈቀቅ አልኩ።

«ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እኔም አለሁበት፣ እኔም ዋሽቻለሁ። ግን እኔ የሰው ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ኬኩ ሳይቆረስ ካልነገርሻት እኔው እነግራታለሁ።»

«ኧረ በፈጠረሽ ሂልያ! በምረቃዋ ቀን?»

«መች ይመችሽ ታዲያ፣ በሠርጓ ቀን?»

ስሟ ተጠራ። ዴላ መድረኩን ተሻግራ ወረቀቷን ስትቀበል፣ ቀና ብላ እኛን ፈልጋ እጇን አውለበለበች። ብድግ ብዬ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ዕንባዬ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። ኩራቴ ውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ሕዝቡ ኬክ ወደሚቆረስበት ድንኳን ሲገባ ዴላን እጇን ይዤ ከስፖርት አዳራሹ ጀርባ ወሰድኳት። የተቆለሉ ወንበሮችና የሣር ማጨጃ መኪና ብቻ ነው ያለው።

«ምን ጉድ ነው? ስጦታ ነው እንዴ የሚደብቁኝ?» እያለች ትስቃለች።

አልቀባባሁትም። ሰኞ ከተደወለልኝ ጀምሮ፣ ጉንፋን እስካልኩት ድረስ፣ ወረቀቱንም ጭምር ነገርኳት። እየነገርኳት ሳለ ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ስንት ቀን?» አለችኝ ስጨርስ።

«አሥር።»

«አሥር ቀን ሙሉ ድምጿን ስትሰሚ ነበር? አንቺ?»

«በየቀኑ።»

«እኔ እኮ ጉሮሮዋን አሟታል ብዬ የዝንጅብል ከረሜላ በፖስታ ልኬላታለሁ።»

«ዴላዬ፣ ይቅር...»

«ተይ! ይቅርታሽን አሁን አልፈልገውም።» ከነጋዋኗ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። በጥፊ ብትለኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሣሩን እየነጨች «ንገሪኝ» አለችኝ።

«ምን ልንገርሽ?»

«ያለችሽን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ፣ ቀን በቀን። ለአንቺ የተነገረ አይደለም፤ የኔ ነው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ቀን፣ የሐሙሷን ቀልድ ስነግራት ከንፈሯ ፈገግ ሊል ቃጥቶት ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን የዴላ ቦት ጫማ ውሃ ያስገባል፣ ትቀይር ብላለች አልኳት። በሦስተኛው ሂልያ አልጋዋን ወደ መስኮቱ ገፍታላት ነበር፤ ሐይቁ ዘንድሮ በረዶ ለመሥራት ዘገየ ብላለች።

«አራተኛውስ?»

አራተኛው ቀን ላይ ስደርስ ባዶ ሆነብኝ። ቀኑን አውቀዋለሁ። ከዲትሮይት ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ ተማሪ መጥቶብኝ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ፣ የስም ካርድ እያደልኩ «እሺ፣ እሺ አይሪን» ስል ነበር። አይሪን ደግሞ ከሁሉም ቀን አብልጣ ያወራችው ያን ቀን ነው።

«አላስታውስም» አልኳት።

«አስታውሺ።»

«ልጄ፣ ሰው በዝቶብኝ...»

«ልጄ አትበይኝ! አስታውሺ!»

ከድንኳኑ በኩል ሂልያ ስሟን እየጠራች ለፎቶ ትፈልጋታለች። ዴላ ዘወርም አላለች። ጉልበቷን አቅፋ አፍ አፌን እያየች ጠበቀችኝ።

«ስለ አንቺ ነበር» አልኳት በመጨረሻ። «እሱን አውቃለሁ። ልጅ ሳለሽ የሆነ ነገር ነው፤ እየሳቀች ነበር የምታወራው።»

«ምን? ምን ስሆን?»

እሱን ነው ያጣሁት። የቀሩትን ቀናት አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ጨርሳ ሰማችኝና ሣሩን ከጋዋኗ ላይ አራግፋ፣ ሳትሰናበተኝ ወደ አክስቷ ሄደች። አሁን ሥራ ይዛ እዚያው ሰሜን አገሯ ነው የምትኖረው። አንዳንድ ቀን በምሳ ሰዓት ትደውልልኛለች። ሰላምታ የለም፣ እንዴት ነሽ የለም።

«መጣልሽ?» ትለኛለች።

«አልመጣልኝም» እላታለሁ፣ ትዘጋዋለች።