የሌንሱ ወገብ

የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ እንደተከፈተ፣ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሁለት ሰው ሲሠራበት የኖረው የልብስ ስፌት ቤት የአንድ ሰው ሆነ፤ የተሰፋውን ልብስ ፎቶ የሚያነሳም ጠፋ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከረፋዱ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ አንድ የካሜራ ዕቃ መሸጫ ገብታ ከቦርሳዋ የታጠፈች ወረቀት አወጣችና የጻፈችውን ልክ አነበበች።

«ወገቡ ሃያ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ነው።»

ባለሱቁ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አወረዱ። ስልሳውን የተሻገሩ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው።

«የማን ወገብ?»

«የሌንሱ።»

«ምነው ልጄ፣ ሱሪ ልትሰፊለት ነው?»

አልሳቀችም። «ነጸብራቅ የሚያጠፋ ፊልተር አለ ሲሉ ሰምቼ ነው፣ ጋሼ። ልኩን እንዳልሳሳት ዙሪያውን በሜትር ለካሁት። ሁለት ጊዜ።»

ባለሱቁ ከመሳቢያቸው የሒሳብ ማሽን አውጥተው ጥቂት ቁጥሮች ነካኩ። «ስልሳ ስምንት ሚሊሜትር ተኩል ግድም ይመጣል። በዚህ ልክ የተሠራ ፊልተር ደግሞ እኔ አይቼ አላውቅም።»

«የእኔ ልክ ስህተት የለበትም።» ድምፅዋ ሳታስበው ደረቅ አለ። በሥራ ዘመኗ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሏት ያውቃል፤ ልክ ተሳስተሻል ያላት ግን አልነበረም።

«ልክሽማ ትክክል ነው። የለካሽው ቦታ ነው ያልሆነው። ፊልተር ከውጭ የሚታጠቁት አይደለም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚጠመዘዝ ነው። እኛ የምንለካው ወገብ ሳይሆን አንገት ነው።»

ወረቀቷን ዘርግታ «ወገብ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ «አንገት» ብላ ጻፈች። ከፊቱ ያለውን ቦታ ባዶ ተወችው።

«ካሜራው ምን ዓይነት ነው?» አሉ ባለሱቁ።

«ጥቁር ነው።»

«ካሜራ ሁሉ ጥቁር ነው፣ ልጄ።»

አሁን ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ ብቅ አለና ተመለሰ። «የጀማሪ ነው የሚባለው። ሌንሱ ላይ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት የሚል ጽሑፍ አለበት። ሃምሳ አምስት ነው ማለት አይደለም?»

«አይደለም። እሱ ምን ያህል እንደሚያርቅና እንደሚያቀርብ ነው የሚናገረው። ስንቱ በዚያ ቁጥር ገዝቶ ሄዶ እየተነጫነጨ ተመልሶብኛል! ከመስተዋቱ ዙሪያ ሰረዝ የተሰመረባት ክብ ምልክት አለች። ከእሷ ጎን ያለው ቁጥር ነው አንገቱ። ሃምሳ ሁለት ይሆናል፣ ሃምሳ አምስትም ይሆናል፣ ሃምሳ ስምንትም ይሆናል። ለመሆኑ ለምን ይዘሽው አልመጣሽም?»

ካሜራው ባለ ሦስት እግር መቆሚያው ላይ፣ ከመልበሻው መጋረጃ አጠገብ፣ እህቷ ለመጨረሻ ጊዜ ያቆመችው ቦታ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የእግሮቹን ቦታ በጨርቅ ጠመኔ ወለሉ ላይ ከብባ፣ ስትጠርግ እንኳ በዙሪያው እየዞረች ነበር የሰነበተችው። ከቆመበት ብታነሳው መልሳ እንደዚያ ማቆም የምትችል አልመሰላትም።

«ከቆመበት ላነቃንቀው አልፈለግሁም» አለች።

«የቆመ ካሜራማ ችግኝ ነው እንዴ? ሥር አይሰድ!» ባለሱቁ ራሳቸው በቀልዳቸው ሳቁ። «ይሁን። ፎቶ የምታነሺው ምንድን ነው?»

ከቦርሳዋ መዳፍ የሚያህል ጥቁር አረንጓዴ የሳቲን ቁራጭ አወጣች። የሌላ ከተማ የመዘምራን ቡድን ለሃያ ሁለት ሰው የሚሆን ቀሚስ ሊያሰፋ አስቧል፤ አሠልጣኟ ግን መጥታ የምታይበት ጊዜ ስለሌላት በፎቶ ነው የምትመርጠው። ልብስ ሰፊዋ አንዱን ቀሚስ ለናሙና ሰፍታ፣ ሐሙስ ዕለት እንደ ምንም ብላ አንስታ ላከችላት። አሠልጣኟ ደውላ፣ «ደረቱ ላይ የፈሰሰው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ዱቄት ነው?» አለቻት። ዱቄት ሳይሆን ብርሃን ነበር። እስከ ነገ ማታ ድረስ ጨርቁ በትክክል የሚታይበት ፎቶ ካልደረሳት ለሌላ ቤት እንደምትሰጠው በጨዋ ቃል ነግራት ስልኩን ዘጋች። እህቷ ከሄደች ወዲህ የመጣው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ይህ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ለባለሱቁ አልዘረዘረችም። «ሳቲን ነው፤ ለነገ ያስፈልገኛል» ብቻ አለች።

«ነገ ዝግ ነን። ዛሬም ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እዘጋለሁ» አሉ ባለሱቁ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ። ከአምስት ተኩል አልፏል። ስፌት ቤቷ ደርሶ ለመመለስ ሁለት አውቶቡስ መሄጃ፣ ሁለት አውቶቡስ መምጫ ነው።

ባለሱቁ የጠረጴዛቸውን መስተዋት ከፍተው ሦስት ነገሮች ደረደሩ። የመጀመሪያው ጥርት ያለ፣ ምንም ቀለም የሌለው ክብ ነበር።

«ይሄ መከላከያ ነው። ሌንሱ እንዳይጫር ብሎ ሰው ሁሉ ይገዛዋል። ለአንቺ ጉዳይ ምንም አይፈይድም፤ ርካሹን ከገዛሽማ ሐር ላይ ማዳበሪያ እንደ መደረብ ነው።»

«ታዲያ ለምን አወጡት?»

«አትግዢው ልልሽ ነዋ!»

ሁለተኛው፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ አፉ እንደ አበባ ቅጠል ወጣ ገባ ያለ ነገር ነበር። አንስታ አገላበጠችው፤ ጣቷንም በጠርዙ ላይ አዞረችው።

«ይሄኛው ሁድ ነው። ለሌንሱ እንደ ኮፍያ ጥላ ነው፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን እንዳይገባበት ይከልላል።»

«ጥላ ከሆነ ዙሪያውን እኩል ለምን አልሆነም? እዚህና እዚህ ለምን ተቆረጠ?»

«ጥሩ ጠየቅሽ። ፎቶው አራት ማዕዘን ነው አይደል? ሌንሱ ደግሞ ክብ ነው። ጥላው ዙሪያውን እኩል ቢረዝም ፎቶው ጥግ ጥጉ ላይ ይጨልማል። ማዕዘኖቹ የሚያዩበት ቦታ ላይ ነው የተቆረጠው።»

«እንደ ብብት» አለች፣ ለራሷ ይመስል። «ክንድ እንዲንቀሳቀስ ብብቱ ይቆረጣል።» ሁዱን ወረቀቷ ላይ ደፍታ በእርሳስ ዙሪያውን ነደፈችው። «ይሄንን እኔው ከጥቁር ከፋይ እሰፋዋለሁ።»

«ኧረ በሰላም ልነግድበት! ሱቄ ውስጥ ንድፍ ታወጪያለሽ?»

«ቅር ካለዎት እሰርዘዋለሁ።»

«ስፊው፣ ስፊው። ሲያልቅ አምጥተሽ አሳዪኝ፤ እኔም ልየው።»

ሦስተኛው ጠቆር ያለ ክብ ፊልተር ነበር፤ የፊት ለፊቱ ቀለበት በጣት ሲነኩት ብቻውን ይዞራል። ባለሱቁ ሰጧትና የሳቲኑን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ዘረጉላት። «በአንድ ዓይንሽ እዪ። ቀስ ብለሽ አዙሪው።»

አዞረችው። መጀመሪያ የተለወጠው ጨርቁ ሳይሆን ጠረጴዛው ነበር፤ የመስኮቱ ነጭ ምስል ከመስተዋቱ ላይ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ ከሥሩ የተደረደሩት ማሰሪያዎች፣ ክዳኖችና ትንንሽ ብሩሾች ክዳን እንደተነሳለት ሣጥን ወለል ብለው ታዩ። ፊልተሩን ከዓይኗ አነሳችው፤ መስተዋቱ ተመለሰ። ደግማ አየች፤ ጠፋ። ከዚያ ወደ ሳቲኑ ዞረች። ነጩ ብርሃን ቀስ በቀስ እየከሰመ፣ አረንጓዴው ከሥሩ እየወጣ መጣ። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ስታዞረው ግን ጨርቁ ደርቆ፣ ደንዝዞ፣ የተማሪ ዩኒፎርም መሰለ።

«ገደሉት!» አለች ደንግጣ።

«የአንቺ ጣት ነው የገደለው። መለስ አድርጊው።»

ግማሽ ያህል መለሰችው። አሁን አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፤ እጥፋቱም ላይ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር አለ፤ ሳቲን መሆኑን የሚናገር ያህል ብቻ። ልብስ ሰፊዋ ፊልተሩን ከዓይኗ ሳታወርድ አየችው። እህቷ ፎቶ ከማንሳቷ በፊት መቆሚያውን ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ጫማ ወደ ኋላ ስትወስድ፣ እሷ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ ዳንስ ነው ፎቶ?» ስትላት ትዝ አላት። እህቷ ለእያንዳንዱ ጨርቅ ነበር ቦታ የምትቀይረው። ጠመኔ ከብባ ያቆየችው ቦታ እንግዲህ የመጨረሻው ጨርቅ ቦታ ብቻ ኖሯል።

«ይሄንን ነው የምፈልገው» አለች።

«የቱን ልክ?»

ወረቀቷ ላይ «አንገት» ከሚለው ፊት ያለውን ባዶ ቦታ አየች።

«ካሜራውን የገዛው ሰው የለም? ደውዪለት፤ ቁጥሩን ይነግርሻል።»

«አልደውልም።»

ባለሱቁ ጠጋ ብለው አዩዋትና መጠየቃቸውን ተዉት። ከኋላ ካለው መደርደሪያ አንድ ሰፊ ሣጥን አወረዱ፤ በውስጡ የካሬ ቅርጽ ያለው ጥቁር መያዣና ከትንሽ እስከ ትልቅ የተሰደሩ ስምንት ቀለበቶች ነበሩ። «እንግዲያው ይሄ አለልሽ። አንዱ ቀለበት ካልሆነ ሌላው ይሆናል፤ ከላዩ ላይ መያዣው፣ ከመያዣው ላይ ፊልተሩ። ማንንም መጠየቅ አያሻም።» ጥቂት አመነቱ። «ዋጋው የክቡን ሦስት እጥፍ ነው። እሱ ይቅር፤ ክብደቱ ነው ነገሩ። የጀማሪ ሌንስ እንዲህ ያለ ጭነት አይችልም፤ ያዘነብላል። ቢሸጥልኝ ደስ ይለኛል፤ ግን አንድ ቀሚስ ፎቶ ለማንሳት ጋሪ መግዛት ነው።»

«ማንንም መጠየቅ ካላስፈለገ ይሻለኛል» አለች።

«እሺ። አቧራውን ላራግፍልሽ።»

ባለሱቁ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ክቡን ፊልተር አልመለሰችውም ነበር። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ በእሱ ውስጥ የሚታየውን ሁሉ ታይ ጀመር፤ የቆመውን መኪና፣ ጠዋት ዝናብ የጣለበትን አስፋልት፣ ሰማዩን። አስፋልቱ ላይ ያለው ውኃ ሲከስም ከሥሩ የወደቀ ቅጠል ታየ። እንዲህ ያለ ነገር አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከፊቷ ኖሮ አለማወቋ ገረማት።

ከመንገዱ ማዶ፣ በሰያፍ፣ አንድ የፎቶ ስቱዲዮ አለ። ስትመጣ ሆን ብላ በዚህኛው ጠርዝ ነበር የመጣችው፤ አንገቷንም አላዞረችም። እህቷ የዚያን ሰኞ፣ «እትዬ፣ ከካሜራ ሱቁ ማዶ ካለው ስቱዲዮ ሥራ አገኘሁ» ስትላት፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ለሰው በር ነው?» ብላ የተቆጣችበት በር ይኸው ነበር። እህቷ ካሜራውን ልትወስድ እጇን አልዘረጋችም። «ለቤቱ ነው የገዛሁት» ብላ ወጣች።

የስቱዲዮው ትልቅ መስተዋት የሚያሳየው ደመናና የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቀለበቱን አዞረችው። ደመናው ሳሳ፤ ሽቦዎቹም ጠፉ።

ውስጥ፣ ነጭ መጋረጃ ፊት፣ አንዲት የተዋበች ልጅ ወርቅማ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ከልጅቷ እግር ሥር አንዲት ሴት ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ ታጥፋለች። ቅምቅማቱን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየተጫነች ታስተኛዋለች፤ መርፌ ከመንካቷ በፊት ጨርቁን ሁለት ጊዜ እንደዚያ የምታስተኛ አንዲት ሰው ብቻ ናት። በከንፈሮቿ መካከል ሦስት ስፒል ነክሳለች።

«ስፒሉን ከአፍሽ አውጪ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ጮክ ብላ።

ባለሱቁ ቀና አሉ። «ምን አልሽኝ?»

«እርስዎን አይደለም፣ ጋሼ።»

ባለሱቁ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ እሷ አዩ። ማዶ ያለችው ሴት ከልጅቷ እግር ሥር ተነሥታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ራሷን ዘንበል አድርጋ ቀሚሱን ተመለከተች፤ ከዚያ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ሄደች። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይላል።

ልብስ ሰፊዋ ፊልተሩን ከዓይኗ አወረደችው። መስተዋቱ ተመልሶ ደመና ሆነ። ክቡን ፊልተር በሳቲኑ ቁራጭ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ፣ ከባለሱቁ እጅ አጠገብ አኖረችው፤ «አንገት» የሚል ያለባትን ወረቀትና እርሳሷን ግን ያዘች።

«መያዣውን ይመልሱት» አለች። «ክቡን ያቆዩልኝ። እህቴ ማዶ ናት፤ ቁጥሩን ጠይቄያት እመለሳለሁ።»