ከምርኩዝ የተቆረጠው ዕጣ

ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ወደ ይጁቤ እየገሰገሰ ነው ተባለ። ሴቱና ሕፃኑ ዓባይ በረሃ እስኪወርድ አንድ ሰው በጠባቡ መተላለፊያ ተደብቆ ጠላትን ማቆየት አለበት። የሚቀረው እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል። የአርበኞቹ አለቃ ግራዝማች ውበቱ ማንን ከማን ይምረጡ? «ዕጣ ይጣል» አሉ።

ዕጣ አውጪው ዓይነ ስውሩ መሪጌታ አካለ ወልድ ሆኑ። የማያይ አያዳላም ብሎ ነው ሰዉ። ጣትም እንደሚያይ ማን አሰበ!

እያንዳንዱ አርበኛ የራሱን እንጨት ቆርጦ ስልቻ ውስጥ ጣለ፤ እንጨቱ የወጣበት ይቀራል። መሪጌታ እጃቸውን ሲያስገቡ፣ ከስንጥሩ ሁሉ መካከል አንድ ወፍራም ቁራጭ መዳፋቸው ውስጥ ገባ። ወዲያው አወቁት። የወዳጃቸው የወልደ ሚካኤል የወይራ ምርኩዝ ቁራጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እሱ እየመራቸው ጫፉን ይዘው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት። የወልደ ሚካኤል አንድያ ልጅ፣ ድረስ የሚባለውም፣ ዕጣው ውስጥ አለ። አባት ልጁን ሊያስጥል ብሎ፣ ዳስሶ የእኔን ያውጣ ሲል፣ ራሱን በወዳጁ እጅ ላይ አስቀምጧል።

ቢያወጡት ወዳጃቸውን አውቀው ገደሉ፤ ቢተዉት አውቀው የሌላውን ቤት አፈረሱ። እጃቸውን ባዶውን መለሱ።

«ይህ ዕጣ አይደለም» አሉ። «ዕጣ ሁሉም እኩል ሲሆን ነው። እኔም የማንን እንደያዝሁ ላውቅ አይገባም። የአባት ዕጣ ለልጁ አይመክትም፤ ሁሉም ለየራሱ ነው። እንደገና ይቆረጥ።»

ከአንድ መቃ እኩል እኩል ተቆረጠ። ግራዝማች በየቁራጩ ላይ የባለቤቱን ምልክት በከሰል አደረጉ፤ ለዓይን ይታያል፣ ለጣት ግን አይገኝም። ስልቻው ተነቀነቀ። መሪጌታ በዚህ ጊዜ ምንም ሳያውቁ አንዱን አወጡና ዘረጉት።

ግራዝማች ተቀብለው ምልክቱን አዩ።

«የድረስ ነው» አሉ ግራዝማች።

ድረስ የመሪጌታን ጉልበት ስሞ «ይባርኩኝ» አላቸው። ጠመንጃውን አንግቦ ሄደ። ወልደ ሚካኤል ቀረብ ብሎ፣ ለእርሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አካለ ወልድ፣ አግኝተኸኝ ነበር እኮ» አለ።

መሪጌታ ትክክል እንደሠሩ ያውቃሉ፤ አንጀታቸው ግን እሺ አላላቸውም።

ወደ በረሃው ሲወርዱ ከኋላቸው ተኩሱ እስከ ማታ ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ምርኩዙን ዘረጋላቸው። ጫፉን ሲይዙ አዲሱ ቁርጥ መዳፋቸውን ወጋቸው። ይዘውት ተከተሉ።