የግራ እግሯ ጫማ

በዚያ ቤት ሐኪም ያልሆነ ሰው አልነበረም፤ ሕክምና የተማረ ግን አንድም የለም። ልጅቱ ማነከስ ከጀመረች ወዲህ ዘመዱ ሁሉ ምርመራ ውስጥ ገብቷል። አክስት "ብርድ ነው" አለች። የአክስት ጎረቤት "ቆሞ መዋል ነው" አለች፤ እሷ እንኳ ወደ እውነቱ ትንሽ ጠጋ ብላለች። አጎት ደግሞ መካኒክ ነው፤ "ኦሪጅናል ዕቃ አይፈታም። አንዴ ከተፈታ ኑሮሽ ከጋራዥ ጋራዥ ነው" ይላል። ይህን የሚለው በሰው ሠራሽ ጥርሱ ዳቦ እያኘከ ነው።

ልጅቱ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ፀጉር ቤት ትሠራለች። እጇ ፈጣን ስለሆነ ደንበኞቿ መቀስ ይሏታል፤ ስሙ ተከትሏት ቤትም ገብቷል። የግራ ዳሌዋን የመገጣጠሚያ ብግነት ጨርሶታል። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ በአጥንቶቹ መሀል ሊኖር የሚገባው ለስላሳ ነገር አልቆ አጥንት ከአጥንት እንደሚፋጭ በጣቱ አሳያት። ከዚያም "ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይገባልሻል። ግን ወጣት ነሽ፤ አንድ ቀን አልቆ እንደገና መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ብትጠብቂ ደግሞ ሕመሙ ይብሳል። ውሳኔው ያንቺ ነው" አላት። አብረዋት የሄዱት ሴት አያቷ፣ ይህን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረው ብለው አዘኑለት።

አያት ኦፕራሲዮኑን አልተቃወሙም። እሳቸው መቼ ሰው ይቃወማሉ። ሻይ ሲቀዱ "አስተኝተውሽ ባትነሺስ" ይላሉ፤ ልብስ ሲያጥፉ "አስተኝተውሽ ባትነሺስ" ይላሉ፤ ከዚያ "እኔ ምን አገባኝ" ብለው ይዘጉታል።

እስካሁን ኦፕራሲዮን የተደረገው ቤቱ ነው። አያት አልጋዋን በጡብ ከፍ አደረጉት። ድስትና ሳህኑን ከታችኛው መደርደሪያ አውጥተው በወገቧ ልክ ደረደሩት። እንዳያደናቅፋት ብለው ምንጣፉን ጠቅልለው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አቆሙት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ተንበርክከው ካልሲዋን ያጠልቁላታል፣ ጫማዋን ያስሩላታል፤ መቀስ እግሯ ድረስ መጎንበስ ካቃታት ቆይቷል። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ልግዛ ስትል "ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ?" ይሏታል። ሲንበረከኩ ጉልበታቸው ይንቋቋል፤ እሱ እንዳይሰማ ይስላሉ።

ሆስፒታሉ ተራዋ መድረሱን ነግሯት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ይደውላሉ፤ እመጣለሁ ካላለች ቦታው ለሌላ ሕመምተኛ ይሰጣል። ረቡዕ ጠዋት አያት እንደ ሙሽራ እናት እየተጣደፉ ተነሡ። ስልኩ ሳይጮህ ወደ ሥራ ከወጣች፣ ያ ሁሉ የፀጉር ማድረቂያ እያጓራ ማን ስልክ ይሰማል።

"ዛሬ ምን አስቸኮለሽ እማማ?" አለች መቀስ፣ የአልጋውን ራስጌ ተደግፋ እንደቆመች።

"ደንበኛ እንዳይጠብቅሽ ብዬ ነዋ።"

"ከመቼ ወዲህ ነው ለደንበኞቼ ያዘንሽው? ሥራ ፈቶች አይደሉ እንዴ?"

"እግርሽን ስጪኝ አልኩ፤ አፍሽን አይደለም።"

የቀኙን አስረው ወደ ግራው ሲዞሩ ጉልበታቸው ባዶው ወለል ላይ አዳለጣቸው። ምንጣፉ ቢኖር ይይዛቸው ነበር። ኮመዲኖውን ሲጨብጡ የመቀስ ስልክ ተከትሏቸው ወረደ፤ እሳቸውም ቀስ ብለው በጎናቸው ተዘረጉ።

"ተጎዳሽ?"

"ምን እጎዳለሁ፣ ትንሽ አረፍ አልኩ እንጂ።"

"እሺ ተነሺ።"

"ልነሣ ነው።"

አልተነሡም። መቀስ እጇን ዘርግታ ዳሌዋ እስከፈቀደላት ጎንበስ አለች፤ ዳሌዋ የፈቀደላት እስከ አየሩ ድረስ ብቻ ነው። ፊቷ በላብ ራሰ። አያት ከታች፣ መቀስ ከላይ እጃቸውን ዘረጉ፤ በሁለቱ እጆች መሀል አንድ ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ቀረ። ለቤቱ ዕቃ ሁሉ ዘዴ ያላጡት ሴት ለዚህ ምንም አላሰቡም።

"አጎትሽን ጥሪዋ" አሉ አያት።

"በምን ልጥራው? ስልኩ አንቺ አጠገብ ወድቋል።"

ይሄኔ ስልኩ ጮኸ። አያት አንገታቸውን ጠምዝዘው አዩት፤ ሆስፒታሉ ነው። መቀስ አትደርስበትም። ቢተዉት ጮኾ ጮኾ ይተዋል። ማንም አይወቅሳቸውም፤ የወደቀች አሮጊት ምን ይባላል። እንዲህ ያለ ምቹ አወዳደቅ ሰው ለምኖም አያገኝም።

ቀና አሉ። መቀስ ከንፈሯን ነክሳ አሁንም እጇን ዘርግታለች። ያልታሰረው የግራ ጫማ ማሰሪያ አፍንጫቸው ሥር ተንዘላዝሏል።

"ተይው እማማ" አለች፤ "መጀመሪያ አንቺ ተነሺ።"

አያት ስልኩን አነሡ።

"ሃሎ፣ ከሆስፒታል ነው" አለች ነርሷ። "ልጅቱ አለች?"

"አለች፣ ቆማለች። ቆማ ነው የቀረችው።"

"እርስዎ ማን ልበል?"

"ጫማዋን የማስርላት ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ የኔ ልጅ። ካስተኛችኋት በኋላ ማነው የሚቀሰቅሳት?"

"የማደንዘዣ ባለሙያው እስክትነቃ ድረስ ከአጠገቧ አይለይም።"

"መጎንበስ ይችላል?"

"ይችላል እማማ።"

"እንግዲያው ከኛ ይሻላል" አሉና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ክንዳቸው እስከሚደርስ ወደ ላይ ያዙላት።

መቀስ አያቷን አየች፣ ከዚያ ጫማዋን። "እመጣለሁ" አለች። "ፈርቻለሁ፤ ግን እመጣለሁ።"

አጎት በስልክ ተጠርቶ ዳቦውን እያኘከ መጣ። እናቱን በብብታቸው ይዞ አልጋው ላይ አስቀመጣቸውና የሆነውን ሰማ።

"እኔ ግን አሁንም ኦሪጅናል የመሰለ..."

"መጀመሪያ ጥርስህን አውልቅና ተናገር" አሉት አያት። "ይልቅ ና፣ ተንበርከክ። እስክትታከም ድረስ የግራው ጫማ ያንተ ነው። ምንጣፉንም መጀመሪያ ዘርጋው።"

ዘረጋና ተንበረከከ። ጉልበቱ ቋ አለ።

"ኦሪጅናል ነው፣ የፋብሪካው" አለች መቀስ።

አያት ወገባቸውን እያሹ ማሰሪያው በደንብ መጥበቁን ከላይ ተቆጣጠሩ። ከዚያ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው "ብቻ አስተኝተውሽ ባትነሺስ" አሉ።

"ዛሬ 'እኔ ምን አገባኝ' ማለቱን ረሳሽ እማማ።"

"አልረሳሁም" አሉ አያት። "ያገባኛል።"